ካህኑም ሼኹም በተራ የሚጠሩበት ሆስፒታል፦ መንፈሳዊ ድጋፍን በደሴና በኮምቦልቻ ማደራጀት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ መንፈሳዊ አገልግሎት የለም አይባልም። ቄሱ ጠበል በሃይላንድ ይዘው ይገባሉ፤ ሼኹ አልጋው አጠገብ ዱዓ አድርገው ይወጣሉ፤ የጸሎት ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ለክፍል ይዞራል። የጎደለው ሥርዓቱ ነው። ባለው አሠራር ካህን የሚመጣለት፣ ካህን የሚጠራለት ዘመድ ያለው ሰው ነው። ከደላንታ በሪፈራል መጥቶ አንድ ታዳጊ ልጁ ብቻ የሚያስታምመው ገበሬ፣ ከአፋር የመጣች አማርኛ የማትሰማ እናት፣ በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ የገባ መንገደኛ ግን የሚጠራላቸው የለም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር በዋናነት የታሰበው ለእነሱ ነው።

«ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ላይ አብሮ ተቀምጦ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መነሣቱ አይቀርም። መቀራረቡ ሥራውን ያቀልላል፣ ግን አይተካውም። እንዲያውም እዚህ አገር ስም አይቶ ሃይማኖት መገመት ከሌላው ቦታ ይልቅ ያሳስታል፤ አባቱ ሙሐመድ የሆነ ክርስቲያን፣ አያቱ የክርስትና ስም ያላቸው ሙስሊም በየዋርዱ አለ።

ባለቤቱ ሆስፒታሉ ይሁን

ማስተባበሩን ለአንድ የሃይማኖት አባት አሳልፎ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። አስተባባሪው ቄስ ከሆኑ ሙስሊሙ፣ ሼህ ከሆኑ ክርስቲያኑ ቅር ባይለው እንኳ ለመጠየቅ ያፍራል። አስተባባሪ መሆን ያለበት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው፦ ሶሻል ወርከር ካለ እሱ፣ ከሌለ በዋርድ ሥራ የበሰለች ነርስ። ሥራው በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። «ከመደበኛ ሥራሽ ጎን ለጎን ያዢው» ተብሎ በቃል ብቻ ከተሰጠ ሁለት ወር አይዘልቅም። ስለዚህ በነርሲንግ ዳይሬክተሩ በተፈረመ የሥራ ዝርዝር ላይ ይግባ፤ እሷ ዓመት ፈቃድ ስትወጣ የሚተካትም በስም ይታወቅ።

ለሥራ አመራሩና ለቦርዱ ሲቀርብ የሕግ ጥያቄ ይነሣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው እምነቱን የመያዝና የመግለጽ ነፃነት እንዳለው፣ በማስገደድም ይህን ነፃነት መገደብ እንደማይቻል ይደነግጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ለሆስፒታል የሚሆነው ትርጉም ቀላል ነው። ሆስፒታሉ ሃይማኖት አይሰብክም፣ ለአንዱ እምነት አገልጋይ ደመወዝ አይከፍልም፤ ነገር ግን ሰው አልጋ ስለያዘ ብቻ ከእምነቱ እንዳይለያይ በሩን ይከፍታል፣ ሥርዓት ያበጃል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ማስታገሻ ሕክምና ያሳለፈው ውሳኔም መንፈሳዊ ስቃይን ከአካላዊውና ከሥነ ልቦናዊው ጋር አብሮ ያነሣል፤ «ይሄ የሕክምና ሥራ አይደለም» ለሚል የቦርድ አባል ይህን ማሳየት ይበቃል።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፋል፦ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሀገረ ስብከት፣ ለእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ ለወንጌላውያንና ለካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት። ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ሰው ፊርማ ይውጡ። አንዱ ጋ ሰኞ፣ ሌላው ጋ ሐሙስ ከደረሰ «ከእነሱ ጋር ከተስማሙ በኋላ ነው የጠሩን» የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ ይህ ቅሬታ አንዴ ከመጣ ለማጽዳት ወራት ይፈጃል። በደብዳቤው የሚጠየቀው የአገልጋዮች ስም፣ ስልክ፣ የሚችሉት ቋንቋ፣ የሚመቻቸው ቀን፣ እንዲሁም አገልጋዩ ሥነ ምግባር ቢጥስ ሆስፒታሉ የሚያመለክትበት የተቋሙ ኃላፊ ነው። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘነጉታል። ችግር ሲነሣ ነርስ ቄስን ወይም ኡስታዝን ፊት ለፊት መቆጣት አትችልም፤ አቤቱታውን የሚቀበል የበላይ ያስፈልጋል።

ስንት ሰው፣ ምን ዓይነት ሰው

200 አልጋ ገደማ ላለው ሆስፒታል 8 የኦርቶዶክስ፣ 8 የሙስሊም፣ 3 የወንጌላውያን አገልጋይ ለመነሻ ይበቃል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በደሴ ከተማ ሙስሊሙ ከግማሽ በላይ፣ ኦርቶዶክሱ ወደ 40 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ አንድ በመቶ ገደማ ነበር፤ ሆኖም ተራን በቆጠራ መደልደል አይሠራም። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው ሰው የከተማው ብቻ አይደለምና። ስድስት ወር ከተሠራ በኋላ የጥሪ መዝገቡን አይቶ ማስተካከል ይሻላል። ከስም ዝርዝሩ ብዙው ስለማይዘልቅ ከተቋማቱ የሚጠየቀው የሚያስፈልገው እጥፍ ይሁን።

ከሦስት አንዷ ሴት ትሁን። በማዋለጃና በማህፀን ክፍል ወንድ ኡስታዝ መግባት አይመቸውም፤ ሴቲቱም አትናገርም። በኦርቶዶክሱ በኩል ኑዛዜ የካህን ሥራ ቢሆንም፣ ማጽናናትና መጠየቅ ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጽዋ ማኅበር እናቶች ከማንም በላይ ያውቁበታል። ቋንቋም ይታሰብ፤ ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ ከአፋር በኩል አፋርኛ የሚናገር ታካሚ ወደ ደሴም ወደ ኮምቦልቻም ይመጣል። አፋርኛ የሚችል አንድ ሼህ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ አማርኛ ብቻ ከሚናገሩ አራት ይበልጣል።

የተራ ሰሌዳ ሲወጣ የእያንዳንዱን እምነት የጊዜ አቆጣጠር ማወቅ ግድ ነው። ሰሞነኛ (የሳምንቱ ተረኛ) ካህን ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያድር በዚያ ሳምንት አይመደብም። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ኢማም፣ እሑድ ጠዋት ፓስተር አይገኝም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ በመውሊድ ሰሞን ደግሞ ለጀማ ንጉሥ ብዙ ሰው ስለሚወጣ ለእነዚህ ቀናት ተጠባባቂ ቀድሞ ይያዝ። ለደሴና ለኮምቦልቻ አንድ የጋራ ተራ ማውጣት በወረቀት ላይ ያምራል፤ ርቀቱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በሌሊት በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ የሚደርስ አገልጋይ ለሚያጣጥር ሰው አይደርስም። ሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ተራ ይኑራቸው።

ሥልጠናው ሁለት ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ይበቃል። ሃይማኖት ማስተማር አያስፈልግም፤ እሱን እነሱ ያውቃሉ። የሚሠለጥኑት ሆስፒታሉን ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ማስክ መቼ እንደሚደረግ፣ ኦክስጅን ባለበት እሳት እንደማይቀርብ፣ ምሥጢር መጠበቅ፣ «መድኃኒቱን ተወው» አለማለት፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲያጋጥም በዚያው ሰዓት ለነርስ መናገር። ከዚያ ሦስት ጉብኝት ከነርስ ጋር አድርገው ነው ባጅ የሚወስዱት። የሚፈርሙት ስምምነት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሌላ እምነት ሰው እንዳይሰብኩ፣ ገንዘብ እንዳይቀበሉም እንዳይሰጡም፣ ፎቶና ቪዲዮ እንዳያነሡ፣ ያለ ነርስ ፈቃድ ክፍል እንዳይገቡ በግልጽ ይጻፍበት። የቪዲዮው ነገር ቀልድ አይደለም፤ «የፈውስ ምስክርነት» ተብሎ ቲክቶክ ላይ የወጣ ታካሚ ምሥጢሩ ወጥቷል፣ የሚመልሰው የለም። የታወቁ ካህን ወይም የከበሩ ሼህ ስለሆኑ ፊርማውን ማለፍ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያስቀራል።

እንዴት ይጠየቃል

የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ሲተኛ የሚጠየቁ አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ክርስቲና ፑቻልስኪ የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ፊካ የተሰኘው መጠይቅ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ እምነትን፣ እምነቱ በሰውየው ሕይወት ያለውን ክብደት፣ የእምነት ማኅበረሰቡንና በሕክምናው ላይ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይጠይቃል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ግን ለእኛ ሰው አይሆንም። አንድን የቦረና ሳይንት ሽማግሌ «እምነት አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው። እንዲህ ቢባል ይሻላል፦

«አባባ፣ ሲጨንቅዎ ምን ያጽናናዎታል?»
«የንስሐ አባትዎን፣ ሼኽዎን ወይም ሌላ የሃይማኖት አባት እንድንጠራልዎ ይፈልጋሉ? የራስዎ ሰው ከሌለ እኛ እናመጣለን።»
«ከሕክምናው ወይም ከምግቡ ሃይማኖትዎ የማይፈቅደው፣ ሰዓቱን እንድናስተካክልልዎ የሚፈልጉት ነገር አለ?»
«አሁን ካልፈለጉ ግድ የለም፤ ሌላ ቀን ለነርሷ ቢነግሩ ይበቃል።»

የሚጠየቀው ራሱ ታካሚው ነው፣ አስታማሚው አይደለም። ቤተሰብ ሲከብብ ሰው የሚናገረው ቤተሰቡን የሚያስደስተውን ነው። በተለይ ሁለት እምነት ባለበት ቤት አስታማሚዎችን «እስቲ ምሳችሁን ቅመሱና ኑ» ብሎ ለ5 ደቂቃ ማራቅ ያስፈልጋል። መልሱ በካርዱ ውስጥ ይጻፋል፦ ፈልጓል፣ አልፈለገም፣ ቆይቶ ይጠየቅ። እምነቱ ታካሚው በተናገረው ቃል ይመዝገብ፤ አልጋው ራስጌ ላይ ወይም በር ላይ አይለጠፍ። በ48 ሰዓት ውስጥ አንዴ ደግሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሲገባ በሕመም ተይዞ «አልፈልግም» ያለ ሰው ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል ሐሳቡን መቀየሩ የተለመደ ነው።

ታካሚው «አልፈልግም» ብሎ ዘመዶቹ ካህን ይዘው ቢመጡስ? የሚሠራው የታካሚው ቃል ነው፤ ነርሷ ካህኑን በአክብሮት ወደ ጸሎት ክፍሉ ትመራለች፣ ከዘመዶቹ ጋር እዚያ ይጸልያሉ። ራሱን ስቶ ለሚገባ ሰው ዘመዶቹ የሚጠየቁት ስለራሳቸው ሳይሆን «እሱ ሲሻለው ምን ያደርግ ነበር? ይሰግድ ነበር? ይቆርብ ነበር?» ተብሎ ነው። ማንነቱ ላልታወቀ ደግሞ ማተብ ወይም ሌላ ምልክት ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በአጠገቡ ቁጭ ብሎ በለሆሳስ መጸለይ ይቻላል፤ ማጥመቅን የመሰለ የማይመለስ ሥርዓት ግን አይፈጸምም።

ጥሪው

ለአገልግሎቱ አንድ የቢሮ ስልክ ይኑር፤ የአስተባባሪዋ የግል ቁጥር ከተለጠፈ እሷ ስትታመም አገልግሎቱም ይታመማል። ጥሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ለሚያጣጥር ሰው፣ ለጨቅላ ሕፃን፣ በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው አገልጋዩ በ1 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ የቀረው እስከ 24 ሰዓት ይጠብቃል። የባጃጅ ሒሳብ ከሆስፒታሉ ጥቃቅን ወጪ በደረሰኝ ወይም በፊርማ ይከፈል። በነፃ የሚያገለግል ሰው ከኪሱ አውጥቶ ለሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። የሰዓት እላፊ ባለበት ወቅት ለሌሊት ተረኛው በሆስፒታሉ ማህተም የይለፍ ደብዳቤ ቀድሞ ይዘጋጅለት፤ ለጥበቃም የተረኞቹ ስም በየሳምንቱ ይሰጥ።

አገልጋዩ ሲደርስ መጀመሪያ ነርሷን ያናግራል፣ እጁን በሳኒታይዘር ለ20 ወይም 30 ሰከንድ ያሻል፣ ከዚያ ይገባል። ጉብኝት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ በስድስትና በስምንት አልጋ ክፍል ውስጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለኑዛዜ መጋረጃ ይጋረዳል፣ አስታማሚ ይወጣል። ታካሚው መንቀሳቀስ ከቻለ የጸሎት ክፍሉ ይመረጣል። ወዳጃም ይሁን የዝማሬ ቡድን በዋርድ ውስጥ አይካሄድም፤ ለብዙ ሰው የሚሆነው በረንዳው ወይም ጊቢው ነው።

መስቀል ማሳለም ከአልጋ አልጋ ከሆነ ጀርም ያዘዋውራል። በየታካሚው መካከል በ70 በመቶ አልኮል ይጥረግ፤ የእንጨት መስቀል ከሆነ ግንባር ሳያስነኩ ከላይ ማማተብ ይቻላል። ሰፊ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ነጠላና ሻሽ በተለይ በጽኑ ሕሙማንና በጨቅላ ክፍል ይሰብሰብ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወደሚታከምበት ክፍል፣ ለምሳሌ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ኤን 95 ማስክ የማያደርግ አገልጋይ አይገባም። ተራው ቀዶ ሕክምና ማስክ አይተካውም።

ጠበል፣ ዘምዘም፣ ዕጣን

ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህ ነው። «ጠበል አትጠጡ» ማለት ያጣላል፤ «ስንት ነው የሚጠጡት?» ማለት ያግባባል። ልብ ወይም ኩላሊት ደክሞ የፈሳሽ ልክ ለተሰጠው ሰው ጠበሉም ዘምዘሙም ከልኩ ይቆጠራል። ሐኪሙ በቀን 1 ሊትር ካለ፣ 200 ሚሊ ሊትር ጠበል ከጠጣ የቀረው 800 ነው፤ ነርሷም በፈሳሽ ሰንጠረዡ ላይ እንደማንኛውም ውሃ ትጽፈዋለች። ኦፕራሲዮን ሊገባ «ምንም እንዳይቀምስ» ለተባለ ሰው መርጨት ወይም ከንፈር ማርጠብ ይበቃል። ካህኑ ይህን ራሳቸው ሲናገሩ ታካሚው ይቀበላል፣ ነርስ ስትናገር ግን ላይቀበል ይችላል፤ ስለዚህ ሥልጠናው ላይ የማደንዘዣ ባለሙያ መጥቶ ሆድ ሞልቶ የገባ ሰው በማደንዘዣ ጊዜ አስመልሶት ወደ ሳንባ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያስረዳ። በቁስል፣ በቃጠሎ፣ በተቀደደ ዓይን፣ በካኑላ (በደም ሥር በገባ ቱቦ) ላይ ምንም ውሃ አይፈስም።

«ጠበል ልሄድ ነው» ብሎ ከሕክምና የሚወጣ ሰው ሲያጋጥም ማስፈራራት ዋጋ የለውም፤ ይሄዳል። ይልቅ በወረቀት የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ቶሎ እንዲመለስ የሚያስገድዱ ምልክቶችን ጽፎ፣ የአንድ ወር መድኃኒት ሰጥቶ፣ ከአጥማቂው ካህን ጋር በስልክ መነጋገር ይሻላል። በኤች አይ ቪ፣ በቲቢ፣ በሚጥል በሽታና በአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል፤ ካህናቱ ይህንኑ ለታካሚው ይንገሩት።

ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከሰል ፈጽሞ አይገባም። ኦክስጅን በበዛበት ልብስና አንሶላ በቅጽበት ይነዳል። አስም ላለበት ደግሞ እሳት ባይነሣም የዕጣኑ ጭስ ብቻውን ይጎዳዋል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሩቅያም (በቁርኣን የሚደረግ የፈውስ ጸሎት) ይሁን የማስለቀቅ ጸሎት ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከሩ አይደረግም፤ ማሰር፣ መምታት፣ ማስጮህ በማንም ስም አይፈቀድም።

ጾምና ምግብ

ሐኪም «ጾምዎን ይግደፉ» ሲል ታካሚው ዝም ብሎ ይሰማል፣ ግን አይበላም። ፈቃዱን ከንስሐ አባቱ አፍ መስማት ይፈልጋል። ሑዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ከእነዚህ በፊት ባለው ሳምንት ካህኑ የስኳር፣ የደም ማነስና የነፍሰ ጡር ታካሚዎችን ክፍል ይዙሩ። ለረመዳንም እንደዚሁ፤ ቁርኣኑ በሽተኛን በሌላ ቀን እንዲከፍል እንደሚፈቅድለት ኡስታዙ ያስረዳ። ኢንሱሊን እየወሰደ ሊጾም የቆረጠ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ በዚያው ደቂቃ ማፍጠር እንዳለበት ሐኪሙና ኡስታዙ አብረው ይንገሩት።

ስለ ወጥ ቤቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክርስቲያኑ የእስላም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፣ ሁለት ቢላ መግዛት የማይቻል ከሆነ ሥጋውን ትቶ በሽሮ፣ በምስርና በዕንቁላል መሥራት ነው። ለጾመኛው ዕንቁላሉ ስለማይሆን የባቄላ ወይም የአተር ነገር አይጥፋ፤ ቁስሉ እንዲድን ፕሮቲን ያስፈልገዋልና።

የጸሎት ክፍል

ከ12 እስከ 16 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ባዶ ክፍል ለሁሉም ይበቃል፤ ለየእምነቱ ክፍል መስጠት ከተጀመረ ማብቂያ የለውም። ግድግዳው ላይ ሥዕልም ጽሑፍም አይሰቀል፤ የሚፈልግ ይዞ ይመጣል፣ ይዞ ይወጣል። ጫማ ማውለቅ የኦርቶዶክሱም የሙስሊሙም ሥርዓት ስለሆነ የጫማ መደርደሪያ ከበሩ ውጭ ይቀመጥ። ደሴ በከፍታዋ ብርድ ስላለባት ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ለኮምቦልቻ ቀጭኑ ይበቃል፣ መስኮቱ ግን የሚከፈት ይሁን። ለሴቶች መሐል ላይ የሚሳብ መጋረጃ ይደረግ።

ቂብላው፣ ማለትም ሙስሊሙ ሲሰግድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ በዚህ አካባቢ ቀላል ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ከመካ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሦስቱም በ39 ዲግሪ ምሥራቅና ጥቂት ላይ ስለሚገኙ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ነው። የስልክ ኮምፓስ በብረት አልጋና በሲሊንደር አጠገብ ስለሚዛባ ከሕንፃው ውጭ ለክቶ በወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ይሻላል። ለምሥራቅም በሌላ ቀለም ምልክት ይደረግ፤ ክርስቲያኑ ወደዚያ ዞሮ ይጸልያልና።

ለውዱዕ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) ዝቅ ያለ ቧንቧና መቀመጫ፣ ጥሩ መውረጃ ያለው ይሠራ፤ ከሌለ ሰው በታካሚ መጸዳጃ ቤት እጅ መታጠቢያ ላይ እግሩን ያነሣል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ሽማግሌ ይወድቃል። ውሃ ስለሚቋረጥ 500 ሊትር ሮቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ከአልጋ መነሣት ለማይችል ተየሙም (ያለ ውሃ በአፈር ወይም በድንጋይ የሚደረግ መንጻት) አለው። አፈር ወደ ዋርድ ከማስገባት ይልቅ ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ የታጠበ ድንጋይ በንጹሕ ከረጢት ይሰጠው፤ ሲወጣ ይዞት ይሂድ።

ሲሞት

ሞት ሲቀርብ ሐኪሙ ለቤተሰቡ በግልጽ ካልተናገረ አገልጋዩ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠራው። ስለዚህ «ሕክምናው ከዚህ በላይ አይሄድም» ተብሎ ካርድ ላይ ሲጻፍ ነርሷ በዚያው ሰዓት ስልኩን ትደውል። ለኦርቶዶክሱ ኑዛዜ፣ እንደ ሁኔታው ቀንዲል (የሕሙማን ቅብዓት) እና ሥጋ ወደሙ ሊኖር ይችላል፤ እንዴት እንደሚሆን የሚወስኑት ካህኑ ናቸው። ለሙስሊሙ ሸሃዳ በለሆሳስ ይነገረዋል፤ አንዴ ካለ በኋላ ደጋግሞ ማስጨነቅ የለም። መተንፈስ የማያስቸግረው ከሆነ ወደ ቂብላ ይዞራል፤ አልጋውን ማዞር ሰውየውን ከማዞር ይቀላል።

ጨቅላ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በኦርቶዶክሱ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ የሞት ፍርሃት ካለ ግን ቀኑ አይጠበቅም። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከማሞቂያው ከወጣ በብርድ ብቻ ሊሞት ይችላል። ለካህኑ ይህ ይነገራቸውና ፈልቶ 37 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ጥቂት ውሃ ይዘጋጅላቸው፤ በምን መልክ እንደሚፈጽሙ እሳቸው ይወስናሉ። አንድ ካህን ብቻ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ይገባል። ለሙስሊም ቤተሰብ አዛኑን አባትየው በለሆሳስ ይላል። ከ4 ወር በኋላ የወረደ ጽንስ «የክፍል ቆሻሻ» ሆኖ እንዳይጣል ማዋለጃ ክፍሉ በጽሑፍ መመሪያ ይኑረው፤ ለእናትየው «ይፈልጋሉ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ከሞት በኋላ የነርሷ ሥራ ዓይን መክደን፣ አገጭ ማሰር፣ እጅና እግር ማቃናት፣ ካኑላና ቱቦ አውጥቶ የሚደማውን መድፈን፣ መሸፈን ነው። ማጠብና መገነዝ የቤተሰብ ወይም የእምነቱ ወገን ሥራ ነው፤ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። አስከሬን ክፍሉ አጠገብ ዘንበል ያለ የማጠቢያ ድንጋይ፣ መጋረጃና ከ40 እስከ 60 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይኑር። ሩቅ አገር ለሚሄዱት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ተላላፊ በሽታ ከሆነ አጣቢዎቹ ጓንትና ሽርጥ ይልበሱ፣ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው አጠገባቸው ይቁም።

አደጋ፣ ተኩስ ወይም ያልታወቀ ሞት ሲሆን የፖሊስ ወረቀት እስኪያልቅ አስከሬን አይወጣም፤ ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በዚያው ቀን መቅበር ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚያጣላው መዘግየቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። አስተባባሪዋ ፖሊስ ጋ ራሷ ደውላ «በዚህ ሰዓት ይመጣሉ» የሚል መልስ ለቤተሰቡ ታምጣ፣ ተረኛው ኡስታዝም አብሯቸው ይቀመጥ። ወገን ለሌለው ሟች ሆስፒታሉ ብቻውን ለማዘጋጃ ቤት ከማስረከቡ በፊት እንደ እምነቱ ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለምክር ቤቱ ይደውል፤ ፍትሐቱን ወይም ጀናዛውን የሚወስድ አይጠፋም።

መዝገቡ

በመዝገቡ ቀኑ፣ ዋርዱና የአልጋ ቁጥሩ፣ የተጠራበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና የአገልጋዩ ፊርማ ብቻ ይሰፍራል። የተነጋገሩት አይጻፍም። ስም ሳይጻፍ በአልጋ ቁጥር ከሆነ መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ የሚጎዳው ያንሳል። አስተባባሪዋ በወር አንዴ ለ45 ደቂቃ ከሁሉም እምነት ተወካዮች ጋር ትቀመጥ፤ አጀንዳው ሁለት ነው፦ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልተደረሰባቸው ጥሪዎች ለምን ዘገዩ፣ ምን ቅሬታ መጣ። ሞት የበዛበት ሳምንት ያሳለፈ አገልጋይ የሚቀጥለውን ሳምንት ይረፍ፤ በተለይ በጦርነቱ ዓመት የደረሰውን በራሱ ያየ ሰው ሌላው ሲያለቅስ የራሱ ቁስል ይነሣበታል።

ቁጥሮቹን ሲያነቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የአንድ እምነት ጥሪ ሦስት ወር ሙሉ ዜሮ ከሆነ ፈላጊ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ነርሶቹ አልጠየቁም ማለትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ወር አስተባባሪዋ ከየዋርዱ 10 አልጋ መርጣ ራሷ ትጠይቅ፤ መልሱ ከካርዱ ጋር ካልገጠመ ችግሩ ያለው ታካሚው ሲተኛ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው።